ቡርጊ የመረጠችው ተራራ

ቡርጊ ስትስቅ ፀጉር ቤታችን ሥራ ያቆማል። መቀስ የያዘ ሰው እጁን ወደ ላይ ያነሳል፤ የፀጉር ማድረቂያ ካስክ ውስጥ ጆሮዋ የተደፈነ ደንበኛ እንኳ ምን እንደተባለ ሳትሰማ አብራ ትንከተከታለች። ሙሉ ስሟ ኖትቡርጋ ነው። ሊንዝ ከተማ ውስጥ፣ ከዳኑብ ወንዝ ብዙም ሳይርቅ፣ የራሷ ፀጉር ቤት አላት። እኔ ገርሊንደ ነኝ፤ እዚያው ፀጉር አጥባለሁ፣ ቢጎዲን እጠቀልላለሁ፣ ወለል ስጠርግ ደግሞ ወሬውንም አብሬ እጠርጋለሁ። የምንኖረውም አንድ ሕንፃ ላይ ነው፤ እሷ ሦስተኛ ፎቅ፣ እኔ ከሥሯ። ስለዚህ ሳቋን ቀን በጆሮዬ፣ ማታ በጣሪያዬ በኩል እሰማዋለሁ።

የካቲት ሲደርስ ግን ጣሪያዬ ዝም ይል ነበር።

ባሏ ኤቫልድ የትምህርት ቤት ጥገና ሠራተኛ ነው። የካቲት ላይ ትምህርት ቤት ለአንድ ሳምንት ሲዘጋ እሱም ዕረፍት ያገኛል፤ ያን ሳምንት ደግሞ ከስኪ ውጭ ለሌላ ነገር ማዋል ለእሱ ኃጢአት ነው። ተራራ ላይ ተወልዶ፣ ሳይድህ በበረዶ የተንሸራተተ ሰው ነው። እናቱ እማማ ሄርሚነ ከእሱ ትብሳለች። ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ቀይ ጃኬቷን ለብሳ ከተራራው ስትወርድ የምትታየው እንደ ተወረወረ ቀይ በርበሬ ነው።

ቡርጊ ግን የሜዳ ልጅ ናት። ያደገችው ካሮትና ሽንኩርት በሚበቅልበት በማርኽፌልድ ሲሆን፣ እዚያ ትልቁ ከፍታ የሽንኩርት ክምር ነው። በተጋቡ በመጀመሪያው ዓመት ኤቫልድ ስኪ ላስተምርሽ ብሏት ነበር። ወደቀች፤ ጮኸባት፤ ጮኸችበት፤ ጉልበቷ አበጠ፤ በዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ ከሃያ ዓመት በላይ፣ በየየካቲቱ፣ ኦበርሽራት ወደሚባል ከፍ ያለ መንደር ይዘዋት ይሄዳሉ። እነሱ ይወጣሉ፤ እሷ ታች ካለው የእንጨት ቤት ውስጥ ተቀምጣ የሰው ጓንትና ፔርሙዝ ትጠብቃለች። ኦበርሽራት ስኪ ለማይችል ሰው ያለው ነገር አንድ መስኮት፣ አንድ አግዳሚ ወንበርና አንድ የሻማ ሱቅ ነው። ሻማውን ገዝታ ጨርሳዋለች። መብራት ቢጠፋ የእኛ ሕንፃ ብቻውን ከተማውን ያበራል።

እና አንድ የኅዳር እሁድ ድስቴን ልወስድ ወደ ላይ ወጣሁ። ልጃቸው አድጋ ከቤት ወጥታለች፤ ቡርጊ፣ ኤቫልድና እማማ ሄርሚነ ምሳ ላይ ናቸው። "ተቀመጪ፣ ሾርባ አለ" አለችኝ ቡርጊ፤ ተቀመጥኩ። ኤቫልድ ዳቦ እየቆረሰ፣

"በሉ እንግዲህ፣ ነገ ኦበርሽራት ልደውል ነው። እንደተለመደው አይደል?" አለ።

ቡርጊ ማንኪያዋን አስቀመጠች። "አትደውል።"

"ለምን?"

"ዘንድሮ እኔ ነኝ የምመርጠው።"

ኤቫልድ ዳቦው እጁ ላይ ቀረ። "አንቺ? ስኪ ሳትችዪ ተራራ ልትመርጪ? ዓሣ ዛፍ ሲመርጥ አይተሽ ታውቂያለሽ?"

"አንተስ አንድ ዘለላ ፀጉር ሳይኖርህ ስለ ሻምፑ ትከራከረኝ የለ?"

እማማ ሄርሚነን ሾርባው ትን አላት። ጀርባዋን መታ መታ አደረግናት፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ፣ ፊቷ ቀልቶ፣ ትንፋሿ ሲመለስ ጣቷን ወደ ልጇ ቀሰረች።

"ትምረጥ!" አለች። "ግን ስኪ የሌለበት ቦታ ከወሰደችኝ፣ ሳምንቱን ሙሉ መኪና ውስጥ ተቀምጬ ነው የማኮርፈው። መስኮቱንም አልከፍትም።"

"ስኪ ይኖራል እማማ፣ አይስጉ" አለች ቡርጊ። "ለሁለት ተንሸራታችና ለሁለት የማይንሸራተቱ ሰዎች የሚሆን ቦታ ነው የምፈልገው።"

"ሁለት?" አለ ኤቫልድ። "የማትችዪው አንቺ ነሽ። ሁለተኛዋ ማናት?"

"ገርሊ ናታ። ዘንድሮ አብራን ትሄዳለች።"

ሦስቱም ወደ እኔ ዞሩ። እኔ እኮ ድስቴን ልወስድ ነው የመጣሁት! አፌ ውስጥ ሾርባ ስለነበረ ራሴን ነቀነቅኩ፤ መነቅነቄም እሺ ተብሎ ተወሰደ።

ማግስቱን ፀጉር ቤቱ ፓርላማ ሆነ። ቡርጊ ለገባው ሁሉ ጥያቄዋን ታቀርባለች፤ የገባው ሁሉ ደግሞ ሚኒስትር ነው። አንዷ ሙቅ ውሃ የሌለበት ተራራ ተራራ አይባልም ትላለች። ሌላዋ ከካስኩ ሥር ሆና፣ መጮኋን ሳታውቅ፣ "ፈረስ! ዋናው በፈረስ የሚጎተት ጋሪ ነው!" ብላ ታስደነግጠናለች። ጎረቤታችን ሥጋ ሻጩ ጢሙን ሊያስተካክል መጥቶ፣ ምሳው ጥሩ ከሆነ ተራራው ባይኖርም ግድ የለም ብሎ ተከራከረ። ጡረታ የወጣችው ፖስተኛ ደግሞ በረዶ የሆነ ሐይቅ ላይ በእግር መሄድን የመሰለ ነገር የለም ብላ፣ እንዴት እንደሚሄዱ በካልሲዋ ወለሉ ላይ አሳየችንና ተንሸራትታ ፎጣ መደርደሪያው ላይ አረፈች። በዚህ ሁሉ መሃል ቡርጊ አንዲት የባንክ ሠራተኛን ቀለም ቀብታ ረስታት ፀጉሯ የበሰለ ፕሪም መሰለ። ሴትዮዋ መስታወቱን ለረጅም ጊዜ አየችና፣ "ታውቂያለሽ፣ ባሌን ለመጀመሪያ ጊዜ ካየሁት ወዲህ እንዲህ ደንግጬ አላውቅም። ይሁን፣ ይቆይልኝ" አለች። እስከ ዛሬ ያንኑ ቀለም ነው የምትቀባው።

አንድ አመሻሽ ላይ በሩን ዘግተን ስንጠርግ ቡርጊ መጥረጊያዋን ተደግፋ ቆመች።

"ገርሊ፣ ገባኝ" አለች። "ስኪ የሚችል ሰው ተራራው ምን ያህል ቁልቁል ነው ብሎ ይጠይቃል። እኔ ግን መጠየቅ የነበረብኝ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ምን አደርጋለሁ ብዬ ነው። ጠዋቱስ በቁርስ ያልፋል። አራት ሰዓት ነው የሚገድለኝ። እና ደግሞ ምሳ። ምሳ ላይ እነሱ ላይ፣ እኔ ታች ከሆንን ምኑን አብረን ሄድን?"

ስልኩን አንስታ ወደየመንደሩ የእንግዳ ማስተናገጃ መደወል ጀመረች። ጥያቄዋ አንድ ነው። የመጀመሪያው ሰውዬ ስለ ተራራው ከፍታና ሰው በገመድ ወደ ላይ ስለሚያወጡት ወንበሮች ብዛት ሲደረድርላት አስጨረሰችውና፣

"ጥሩ። ስኪ የማይችል ሰውስ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ምን ያደርጋል?" አለችው።

ሰውዬው አሰበ። "ይጠብቃል" አላት።

ዘጋችበት። ሁለተኛው፣ ቆንጆ ሙዚየም አለን፣ ግን በበረዶ ወቅት ዝግ ነው አለ። እሱም ተዘጋበት። ባድ ዞንላይት ከሚባል፣ ማናችንም ሰምተነው ከማናውቀው መንደር ያነሳችው ሴትዮ ግን ጥያቄውን ስትሰማ ሳቀች።

"የኔ እመቤት፣ እኔ ራሴ ስኪ አልችልም" አለች። "ቁጭ ይበሉና ልንገርዎ።"

ቡርጊ ቁጭ አለች። ከቤት ውጭ የሞቀ የምንጭ ውሃ አለ፤ ሐይቅ አለ፤ በበረዶ ጋሪ የሚወረድበት ረጅም መንገድ አለ፤ ተራራው ላይ ያለው ምግብ ቤት ድረስ ደግሞ ስኪ የማይችል ሰውም በገመድ በሚንጠለጠል ኬብል ካር ይወጣል፣ ስለዚህ ምሳ ሁሉም አንድ ጠረጴዛ ላይ ነው። ለተንሸራታቾቹም ተራራው አያሳፍርም። ሁለቱ ሴቶች ተራራውን ጨርሰው ስለ ባሎቻቸው ጀመሩ። ስልኩ ሲዘጋ ባድ ዞንላይት ውስጥ ሁለት ክፍል ይዘን ነበር።

የካቲት ደረሰ፤ መንገድ ላይ ኤቫልድ የመኪናውን መሪ ጨብጦ አኩርፏል። "የአሮጊት ኮረብታ" እያለ ያጉረመርማል። "ጠዋት ወጥተህ፣ ሳትዋደቅ ወርደህ፣ መድኃኒትህን ውጠህ የምትተኛበት።"

"አሮጊት ያልከው ማንን ነው?" አለች እማማ ሄርሚነ ከኋላ።

"አንቺን አይደለም እማዬ።"

"ከእኔ ወዲያ አሮጊት እዚህ መኪና ውስጥ ማን አለ? ገርሊንደን ነው?"

እኔ በመስኮት ውጭውን አየሁ።

በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ተለያየን። እናትና ልጅ ስኪያቸውን ተሸክመው ወደ ላይ፣ እኔና ቡርጊ ፎጣችንን ይዘን ወደ ታች። ብርዱ አፍንጫን የሚያጣብቅ ዓይነት ነው። ከልብስ መቀየሪያው ወጥተን በባዶ እግራችን በረዶው ላይ እየጮህን ሮጥን፤ ውሃው ውስጥ ስንገባ ግን ጩኸቱ ቀልጦ "እፎይ" ሆነ። እስከ አንገታችን ሙቀት፤ ከአንገት በላይ በረዶ ይዘንባል። እንፋሎቱ መሃል የሰው ጭንቅላት ብቻ እዚህም እዚያም ተንሳፏል፣ ልክ ድስት ውስጥ እንዳለ ድንች።

ትንሽ ቆይቶ ቡርጊ አፍጥጣ አየችኝ።

"አትንቀሳቀሺ" አለች።

"ምን ሆንኩ?"

"ፀጉርሽ ቆሟል!"

ዳሰስኩት። እውነትም የረጠበው ፀጉሬ በብርዱ ደርቆ እንደ ሽቦ ቆሟል። ቡርጊ የፀጉር ባለሙያ ናት፤ እንዲህ ዓይነት ነገር አይታ ዝም አትልም። ውሃ በመዳፏ እያፈሰሰች፣ እየጠቀለለች፣ እየያዘች፣ በአፏ እፍ እያለች፣ ሁለት ቀንድ አወጣችልኝ። የአውራ በግ ቀንድ ነው፤ ጠመዝማዛ። አጠገባችን የነበረች ሴትዮ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ውሃ ጠጣች፤ ትንፋሿ ሲመለስ፣ "ለእኔም ይሠራልኛል?" አለች። ለእሷ ዘውድ ሠራችላት። ከዚያ ወረፋ ሆነ! አንዱ የአውራ ዶሮ ጉትዬ ይፈልጋል፤ ሁለት እህትማማቾች ፀጉራቸውን አጋጥማ ድልድይ ሠራችላቸውና ተያይዘው ይዋኛሉ። ኮርቢኒያን የሚባል ራሰ በራ ሰውዬ በሐዘን ቆሞ ሲያይ ቡርጊ ጠራችውና ጢሙን ወደ ጎንና ጎን አቁማ የበሬ ቀንድ አደረገችለት። ወደ እኔ ዞሮ፣ "እመቤቴ፣ እንግዲህ ሁለታችንም ቀንዳም ሆንን" አለኝ። ስለ ኮርቢኒያን ከዚህ በላይ አልናገርም፤ ሰሞኑንም ደውሎልኛል።

ምሳ ትዝ ያለን ረፍዶብን ነው። ከፍታ እፈራለሁ፤ ኬብል ካሩ ውስጥ ዓይኔን ጨፍኜ የቡርጊን ክንድ ጨምድጄ ወጣሁ። ቀንዳችን በሙቀቱ ቀልጦ ውሃው በአንገታችን ይወርዳል። ምግብ ቤቱ ውስጥ ኤቫልድና እናቱ ጓንታቸውን አውልቀው፣ አገጫቸውን ደግፈው፣ በመስኮቱ በኩል ቁልቁል እያዩ አገኘናቸው።

"የት ነበራችሁ?" አለ ኤቫልድ። "ሾርባው ቀዘቀዘ እኮ! እኛ እዚህ ቁጭ ብለን፣ ቁጭ ብለን..."

ቡርጊ ኮቷን አወለቀች። በጣም በትህትና፣

"እንዴት ነው፣ መጠበቅ?" አለችው።

የኤቫልድ ጆሮ ቀስ ብሎ ቀላ። በመጨረሻ፣ "ወንበሩ ይቆረቁራል" አለ፤ ቡርጊ ያቺን ሳቋን ለቀቀችው፤ ማዶ ያለ አስተናጋጅ ትሪውን እንደያዘ ቆመ።

እማማ ሄርሚነ ግን አልሳቀችም። ከአንገታችን የሚንጠባጠበውን ውሃ፣ እንደ ቲማቲም የቀላ ጉንጫችንን አንድ በአንድ ታየዋለች። "በዚያ ውሃ ውስጥ፣" አለች ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "የሰው ቦታ ተርፏል?"

ማግስቱ ቁርስ ላይ ቀይ ጃኬቷን ለብሳ መጣች። ኤቫልድ ስኪያቸውን በር ላይ አዘጋጅቶ ይጠብቃታል። እሷ ዚፑን ዝቅ አድርጋ አሳየችው፤ ከሥር የዋና ልብስ ለብሳለች።

"እማዬ! ስኪሽስ?"

"ስኪዬ እግር የለውም፣ አይሄድብኝም። አንተ ሂድ።"

ያን ቀን ውሃው ውስጥ፣ ሦስታችን ጎን ለጎን ጀርባችንን ወደ ፍልውሃው ቀዳዳ ሰጥተን ሳለ፣ እማማ ሄርሚነ ወደ ሰማይ እያየች ተናገረች።

"ጉልበቴ ከታመመ ሦስት ዓመቱ ነው።"

ቡርጊ ዞረች። "ምን? ታዲያ ለምን አልነገሩንም?"

"ብናገርማ እዚያ መስኮት ሥር ከአንቺ ጋር ሊያስቀምጡኝ አይደል? ፊትሽ ሁልጊዜ እንደ ተዘጋ ሱቅ ነበር። ምራቴ አትወደኝም፣ እዚያ ከምቀመጥ ተራራው ላይ ብሰበር ይሻለኛል አልኩ።"

"እማማ!" ቡርጊ ውሃውን በመዳፏ መታችው። "እኔ የጠላሁት እኮ መስኮቱን ነው! እርስዎን ምን በወጣኝ እጠላለሁ? እንዲያውም ሲወርዱ ሳይዎ እቀና ነበር።"

"እኔም የምትጠጪውን ትኩስ ቸኮሌት ሳይ እቀና ነበር" አለች አሮጊቷ።

ከዚያ ቡርጊ እጇን አንስታ የአማቷን ነጭ ፀጉር በውሃ ማረስ ጀመረች፤ ቀስ ብላ፣ በጣም ቀስ ብላ። እማማ ሄርሚነ ዓይኗን ጨፈነች። ሲያልቅ መሃል አናቷ ላይ አንድ ብቸኛ፣ ረጅም፣ ቀጥ ያለ ቀንድ ቆሟል።

"ምን መሰልኩ?"

"ንግሥት" አልኳት።

"ውሸታም! ግን ደስ ይላል።"

ምስኪኑ ኤቫልድ ብቻውን ቀረ። ምሳ ላይ መጥቶ ተቀመጠ። ቁልቁለቱ እንዴት ነው አልነው። ሥጋውን ሲቆርጥ ቆየና፣ "ጥሩ ነው" አለ። ትንሽ ቆይቶ፣ "በጣም ጥሩ ነው። ከኦበርሽራት ይሻላል።" ቢላውን አስቀመጠ። "ግን ለማን ልንገረው? አንድ ትልቅ መታጠፊያ አለ፣ ስትዞሪው ሐይቁ በሙሉ ይታያል። ዞር ብዬ 'እማዬ እይ!' አልኩ። አጠገቤ የማላውቀው ሰው ነው ያለው። ሰላም አለኝ።"

ቡርጊ ሳህኑን ሰብስባ ተነሳች። "ተነስ፣ አንተ ሰውዬ። በበረዶ ጋሪ ልንወርድ ነው።"

"የልጆች መጫወቻ?"

"አዎ፣ የልጆች። ፈራህ እንዴ?"

ጋሪው ጎማ የለውም፤ ከእንጨት የተሠራ ሆኖ ከሥር ሁለት ብረት አለው፣ በእግር ተረከዝ ይመራል። ቡርጊ ከፊት፣ ኤቫልድ ከኋላዋ ወገቧን ይዞ ተቀመጠ። እኔና እማማ ሄርሚነ ከኋላቸው በሌላ ጋሪ፣ አሮጊቷ መሪ፣ እኔ ጸሎተኛ። የሜዳ ልጅ የሆነችው ቡርጊ እግሯን ወደ ላይ አነሳች፤ ከዚያ ወዲያ የሆነውን ያየሁት ከኋላ ነው። ጋሪዋ እንደ ሳሙና ሾለከ። በመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ አንዱ ብረት አየር ላይ ነበር። ከዛፎቹ መሃል የአንድ ትልቅ ሰው፣ ገደል የማይፈራ የተባለ ሰው ጩኸት ይሰማል፤

"ብሬክ! ቡርጊ፣ ብሬክ! አንቺ ሴትዮ፣ ልጅ የለንም እንዴ?"

"ልጃችን አድጋለች!" ትላለች እሷ። "ለራሷ ትሁን!"

በሦስተኛው መታጠፊያ ጋሪው ቀጥ ብሎ ሄደ፤ መንገዱ ግን ታጠፈ። ስንደርስ የሚታየው የበረዶ ክምር ላይ አራት እግር ብቻ ነው። እማማ ሄርሚነ ጋሪያችንን አቁማ፣ "ኤቫልድ፣ የትኛው እግር ነው ያንተ?" አለች።

ከበረዶው ውስጥ ድምፅ መጣ። "ቡርጊ፣ ሞተናል?"

"ገና ነን።"

ከዚያ ሳቅ ተሰማ። የቡርጊ መሰለኝ፤ አይደለም። ኤቫልድ ነው! በጀርባው ተንጋሎ፣ በረዶ ጆሮው ውስጥ ገብቶ፣ እንባው ጉንጩ ላይ እየቀዘቀዘ፣ ትንፋሽ እስኪያጥረው ይስቃል። ሲነሳ ይስቃል፤ ተመልሶ ይወድቃል፤ ይስቃል። በስንት ጉድ ቆመና ልብሱን እንኳ ሳያራግፍ ጋሪውን ጎትቶ፣

"እንደገና" አለ።

ያን ከሰዓት ስንት ጊዜ እንደወረዱ አላውቅም፤ ጋሪ የሚያከራየው ሰውዬ ልዘጋ ነው እያለ ሲለምናቸው ብቻ አይቻለሁ።

ከዚህ በኋላ አንድ ጠዋት ኤቫልድ ቡናውን እያማሰለ፣ ሳያያት፣ "ቡርጊ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ስኪ ሞክሪልኝ። አልጮህም" አላት። እኔ እምቢ ትላለች ብዬ ነበር።

"ከጮህክ ራስህን በመላጫ እላጭልሃለሁ" አለች።

"የሚላጭ ምን አለኝ?"

የሕፃናቱ ቁልቁለት ላይ ወጡ። የአምስት ዓመት ልጆች ቁጥር የተጻፈበት ጨርቅ ደረታቸው ላይ አስረው፣ እንደ ዳክዬ ጫጩት ተሰልፈው ይወርዳሉ። ኤቫልድ ፊቱን ወደ እሷ አድርጎ፣ ሁለት እጇን ይዞ፣ ወደ ኋላ እየሄደ ይመራታል። "ጎበዝ። ጉልበት አጠፍ። ጎበዝ።" እንዲህ ለስልሶ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ከዚያ እጇን ለቀቃት።

ሄደች። እውነቴን ነው፣ ለጥቂት ጊዜ ቀጥ ብላ፣ ክንዷን ዘርግታ፣ አንድ ትልቅ ወፍ መስላ ሄደች። ቀስ በቀስ ግን መፍጠን ጀመረች። ጫጩቶቹን አለፈች። አስተማሪያቸውን አለፈች። "ብሬኩ የት ነው?" እያለች እኔንና እማማ ሄርሚነን አለፈች። "የለውም!" አልኳት፣ ምክር መስጠቴ ነው። ታች ልጆቹ የሠሩት የበረዶ ሰው ነበር፤ ካሮት አፍንጫ፣ ባልዲ ባርኔጣ ያለው። እጇን ዘርግታ አንገቱን አቀፈችው፤ ተያይዘው ወደቁ።

ከክምሩ ውስጥ ባልዲው ተነሳ፤ ከሥሩ ቡርጊ ናት፣ ካሮቱን በእጇ ይዛለች።

"እንደገና! እንደገና!" ብለው ልጆቹ ጮኹ።

"አይ የኔ ልጆች" አለች ካሮቱን ገምጣ። "ስኪ ጀመርኩ፣ ስኪ ጨረስኩ።"

ኤቫልድ እየተንሸራተተ ደረሰ። አልጮኸም። ጉልበቷን ዳሰሰ፣ ደህና ናት። ስኪዋን ፈታላት፣ የእሷንም የራሱንም ትከሻው ላይ ጣለና በሌላው እጁ እጇን ይዞ ከክምሩ አወጣት። የፈረሰውን የበረዶ ሰው እኛው አራታችን ከልጆቹ ጋር ሆነን መልሰን ሠራነው፤ አፍንጫው ግን በቡርጊ ጥርስ ልክ አጥሮ ቀረ።

የመመለሻችን ጠዋት ቡርጊ ጋሪ ካልገዛሁ አልሄድም አለች። ጣሪያው በስኪ ተይዟል፤ ስለዚህ ጋሪው ከኋላ በእኔና በእማማ ሄርሚነ ጉልበት ላይ ተጋደመ። ገና መንደሩን ሳንወጣ የሚቀጥለው ዓመት ጭቅጭቅ ተጀመረ። ኤቫልድ እዚሁ እንመለስ ይላል፤ ያንን መታጠፊያ ለእናቱ በኬብል ካር ወስዶ ያሳያታል፤ ለጋሪውም ብሬክ ይሠራለታል። ቡርጊ አንድ ጊዜ መምረጥ ቀምሳለች፤ ዓለም ሰፊ ነው፣ ሌላ እፈልጋለሁ ትላለች። እኔ ኮርቢኒያን የሚሄድበት የትም ይሁን አልኩ፤ ቀስ ብዬ ነው ያልኩት መስሎኝ ነበር። መኪናው በሳቅ ተንቀጠቀጠ።

"እማዬ፣ አንቺስ?" አለ ኤቫልድ በመስታወቱ እያየ።

እማማ ሄርሚነ ጋሪውን ታቅፋ፣ አፏን ከፍታ፣ ትከሻዬ ላይ ተኝታለች። "እሷ መርጣለች" አልኩት።

ወደ ታች በወረድን ቁጥር በረዶው እየሳሳ ሄደ፤ ሊንዝ ስንገባ ዝናብ ሆነ። ቤታችን በር ላይ ሞተሩ ጠፋ፤ ቡርጊና ኤቫልድ ግን ገና እየተከራከሩ ነው፣ እሷ በአንድ እጇ እያወራች፣ እሱ መሪውን እየደበደበ። ማንም ለመውረድ አልቸኮለም።